የቤት ሠራተኛዋ ፓርላማ የገባችበት ምርጫ

እህቶቼ፣ በዚህ እትም የማወራችሁ ስለ ሩቅ አገርና ስለ ሩቅ ዘመን ነው። አገሩ ፊንላንድ፣ ዘመኑ 1907 ነው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በዚያ ዓመት ማርች 15 እና 16 የፊንላንድ ሕዝብ የፓርላማ አባላቱን መረጠ። ከተመረጡት 200 ሰዎች ውስጥ 19ኙ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ በየትኛውም አገር ሴት በሕዝብ ድምጽ ተመርጣ የአገር ፓርላማ ገብታ አታውቅም። ከእነዚህ 19 ሴቶች አንዷ ሚና ሲላንፓ ትባላለች። ሚና በሰው ቤት እያበሰለችና እያጸዳች የኖረች ሴት ናት። እንደ እኛ ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ «ሚና» ማለት ድርሻ ማለት ነው። በአጋጣሚ ነው፣ እሷ አማርኛ አታውቅም። ግን ስሟን ሳነብ ደስ አለኝ።

ብዙዎቻችን ምርጫ ሲባል የባለሥልጣንና የወንዶች ወሬ ይመስለናል። ደግሞም እውነት ነው፣ በምንሠራበት አገር ድምጽ አንሰጥም። «ታዲያ የፊንላንድ ምርጫ ለእኔ ምኔ ነው?» የምትል እህት ልትኖር ትችላለች። እኔን የያዘኝ ከምርጫው ቀን ይልቅ ከምርጫው በፊት የነበሩት ዓመታት ናቸው። የፊንላንድ የቤት ሠራተኞች ድምጽ በሌላቸው ጊዜ ምን ሠሩ? ድምጽ ካገኙ በኋላስ ኑሯቸው ወዲያው ተለወጠ? ሁለቱን ጥያቄዎች ይዘን እንሂድ።

መሬት ያለው ይናገራል

ፊንላንድ በአውሮፓ ሰሜን ጫፍ ያለች፣ ክረምቷ ረጅምና ጨለማ የሆነ አገር ናት። በምዕራብ ስዊድን፣ በምሥራቅ ሩሲያ አሉ። ያኔ ሕዝቧ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት በስዊድን ሥር ከኖረች በኋላ በ1809 የሩሲያ ንጉሥ በጦርነት ወሰዳት። የራሷ ሕግና የራሷ ሸንጎ ይኑራት ተብሎ ተፈቀደላት እንጂ የበላዩ ንጉሡ ነው።

ያ ሸንጎ አራት ክፍል ነበረው። አንዱ የመኳንንት፣ አንዱ የቀሳውስት፣ አንዱ የከተማ ባለሀብቶች፣ አንዱ ደግሞ መሬት ያላቸው ገበሬዎች። አራቱም ለየብቻ ተቀምጠው ይመክራሉ። ልብ በሉ፣ የገበሬው ክፍል እንኳ መሬት ላለው ገበሬ ብቻ ነው። በሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ የለበትም። የፋብሪካ ሠራተኛ የለበትም። የቤት ሠራተኛማ ማን አስቧት! ለሸንጎው መምረጥ የሚችሉት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ 126,000 ገደማ ሰዎች ብቻ ነበሩ። መሬት ያለው ይናገራል፣ የሌለው ይሰማል። ይህን የእኛ አያቶችም ያውቁታል።

አገልጋይዋና ወረቀቷ

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። በፊንላንድ የአገልጋዮች ሕግ የሚባል ነበር፣ የወጣው በ1865 ነው። በዚህ ሕግ አገልጋይ የምትቀጠረው ለአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ የሚጀምረው በኖቬምበር መግቢያ ነው፣ መኸሩ ከገባ በኋላ። በመሀል «ማዳሟ ትጮህብኛለች፣ ምግብ አታጠግበኝም» ብላ ልውጣ ብትል አትችልም። ጠፍታ ብትሄድ በመንግሥት ሰው ተፈልጋ ልትመለስ ትችላለች። ለቃ ስትወጣም ከአሠሪዋ የመልቀቂያ ወረቀት መያዝ አለባት፣ ያለ ወረቀቱ ሌላ ቤት መግባት ይቸግራል። አሠሪ ደግሞ ልጅ እግር የሆኑ አገልጋዮችን በቤቱ ውስጥ የመቅጣት ሥልጣን ነበረው።

ይህን ሳነብ «ይሄማ ከፋላ ነው!» አልኩ። ስፖንሰር፣ መልቀቂያ፣ «ጠፍታለች» ተብሎ ማመልከት፣ ሁሉም አለ። ልዩነቱ አለ፣ እነሱ በገዛ አገራቸው ነበሩ፣ ፓስፖርት የሚቀማቸው የለም፣ ከአገር የሚያስወጣቸውም የለም። ነገር ግን የሕጉ ሐሳብ አንድ ነው። ሠራተኛዋ ሥራዋን ብቻ አልሸጠችም፣ ዓመቱን ሙሉ ራሷ የቤቱ ዕቃ ሆናለች የሚል ሐሳብ።

ከተማ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚተኙት ማድቤት ውስጥ ወይም ከማድቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ከቤቱ ሰው ሁሉ በፊት ተነስተው ምድጃ ያነዳሉ፣ ውኃና እንጨት ይሸከማሉ፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ በኋላ ይተኛሉ። የሥራ ሰዓት የሚባል የለም። የደወለ ሁሉ ይጠራታል። ስንቶቻችን ነን ዛሬም በረንዳ ላይ ወይም ማድቤት ውስጥ የምንተኛው?

ሚና

ሚና የተወለደችው ጁን 4 ቀን 1866 ዮኪኦይነን በሚባል ገጠር ነው። ከዘጠኝ ልጆች አንዷ ናት። የተወለደችበት ጊዜ ክፉ ነበር። ከ1866 እስከ 1868 በፊንላንድ ትልቅ ረሃብ ገባ፣ ውርጭ እህሉን በላው፣ ከ100 ሰው 8 ያህሉ በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ። የእኛ ሰው «ክፉ ቀን» የሚለው ዓይነት ነው።

12 ዓመት ሲሞላት ፎርሳ በሚባል ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ገባች። 12 ዓመት! ከዚያ ደግሞ የሚስማር ፋብሪካ። 18 ዓመት ሲሆናት አገሯን ትታ ፖርቮ ወደምትባል ከተማ ሄደች፣ በሰው ቤት ተቀጠረች። ከዚያም ዋና ከተማዋ ሄልሲንኪ ገብታ እንደዚሁ በሰው ቤት ሠራች። ትምህርቷ ጥቂት ነው። ነገር ግን ታነባለች። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ማንበብ ያልቻለን ሰው ለጋብቻ ስለማትፈቅድ ድሃውም ሳይቀር ፊደል ይቆጥር ነበር።

በ1898 የሄልሲንኪ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ሚና ከመሪዎቹ አንዷ ሆነች፣ ማኅበሩንም ለብዙ አሥርት ዓመታት መራችው። ዓመቱን ያዙልኝ፣ 1898። ምርጫው ከመምጣቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያኔ አንዳቸውም ድምጽ የላቸውም። የ1865ቱ ሕግ እንዳለ ነው።

ታዲያ ድምጽ የሌላቸው ሴቶች ማኅበር ምን ይሠራል? የሠሩት ይህ ነው። ሥራ ያጣች ወይም ከቤት የወጣች ሠራተኛ የምታድርበት ቤት አቋቋሙ። በደላላ እጅ እንዳትወድቅ ራሳቸው ሥራ የሚያገናኙበት ቢሮ ከፈቱ። ለቤት ሠራተኞች የሚሆን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ፣ አዘጋጇ ራሷ ሚና ነበረች። ተሰብስበው ስለ ሕጉ ተነጋገሩ። ማደሪያ፣ ሥራ ማገናኛ፣ ጋዜጣ፣ ስብሰባ፤ ከዚህ ውስጥ የንጉሥ ፈቃድ ወይም የድምጽ ካርድ የሚጠይቅ አለ? የለም። የእድርና የእቁብ ባህል ላለን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቀላታል፣ ምክንያቱም መቶ ሴቶች አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የቤት ሠራተኛ ግን እያንዳንዷ በየቤቷ ተዘግታ ነው ያለችው። ስለዚህ የመጀመሪያው ችግር ሕጉም ደሞዙም አይደለም፣ መገናኘቱ ነው። የሄልሲንኪዎቹ ማደሪያ ቤትና ጋዜጣ ይህን ችግር ነበር የፈቱት። አንዷ ማደሪያ ስትፈልግ ሌላዋን ታገኛለች። ጋዜጣው ደግሞ እሷ መግባት የማትችልበት ማድቤት ይገባል።

ሥራ ያቆመው ሳምንት

ከ1899 ጀምሮ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ የፊንላንድን ሕግና ሸንጎ ማጥበብ ጀመረ። በዚያ ዓመት የፊንላንድ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በበረዶው ክረምት ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ከ520,000 በላይ ፊርማ ሰብስበው ወደ ንጉሡ ላኩ። ንጉሡ መልእክተኞቹን አልቀበልም አለ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ፈርሞ አልሰማም አለ።

ከዚያ 1905 መጣ። ሩሲያ በጃፓን ጦርነት ተሸነፈች፣ በራሷም አገር ሕዝቡ ተነሳ። በኦክቶበር መጨረሻ ፊንላንድም ውስጥ ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። ባቡር ቆመ፣ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ። ለአንድ ሳምንት ገደማ አገሩ ቀጥ አለ። ኖቬምበር 4 ንጉሡ ፊርማ ያልበገረው እጁ ተጠመዘዘና አዲስ ሸንጎ እንዲዘጋጅ ፈቀደ።

አሁን ጥያቄው ማን ይምረጥ የሚል ሆነ። የተማሩና ሀብት ያላቸው ሴቶች ቀድሞም ማኅበር ነበራቸው፣ ከ1884 ጀምሮ። እነሱ ለብዙ ጊዜ ሲጠይቁ የነበረው «ወንድ በሚመርጥበት መንገድ ሴትም ትምረጥ» የሚለውን ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን ወንዱ የሚመርጠው በሀብቱ ከሆነ ሴቷም በሀብቷ ልትመርጥ ነው። እመቤቲቱ ትመርጣለች፣ ሠራተኛዋ ምድጃ ታነዳለች። የሠራተኛ ሴቶች ግን ሀብት ሳይቆጠር ለሁሉም ሰው አሉ። በመጨረሻ ያሸነፈው ይህ ነው።

የሚገርመው፣ ሕጉን ያጸደቀው ያው የአራቱ ክፍል አሮጌ ሸንጎ ነው። መኳንንቱም ቀሳውስቱም ቁጭ ብለው የራሳቸውን ወንበር የሚያጠፋ ሕግ አጸደቁ። ደግ ሆነው ብቻ አይመስለኝም። አድማውን አይተዋል። ደግሞም ከሩሲያ ጋር ለሚመጣው ትግል ሕዝቡን ሁሉ ከኋላቸው ይፈልጉት ነበር። ንጉሡም ጁላይ 20 ቀን 1906 ፈረመበት። በአዲሱ ሕግ አራቱ ክፍሎች ቀርተው 200 አባላት ያሉት አንድ ፓርላማ ሆነ። 24 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ይመርጣል፣ ይመረጣልም። በአውሮፓ ሴቶች ለአገር ፓርላማ የመምረጥ መብት ያገኙት መጀመሪያ በፊንላንድ ነው። ከዚያ በፊት ኒውዚላንድ በ1893 ሴቶች እንዲመርጡ ፈቅዳ ነበር፣ እንዲመረጡ ግን አልፈቀደችም። አውስትራሊያ በ1902 ሁለቱንም ፈቅዳለች፣ ግን ሴት ተመርጣ ፓርላማዋ የገባችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች የሆኑ ጥቁሮች ደግሞ አብዛኞቹ ከሕጉ ውጪ ነበሩ።

ፊንላንድም ቢሆን ሁሉንም አላስገባችም። በቋሚነት ከድሃ መርጃ የሚረዳ ሰው መምረጥ አይችልም ነበር። ግብር ያልከፈለም እንደዚያው። ድሃ በር ሲከፈትለትም ትንሽ ሳንቃ አትጠፋም።

ቀይ መስመር

መራጩ ከ126,000 ወደ 1,270,000 ገደማ ደረሰ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ ሲመርጥ የመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ አመራረጡ ቀላል መሆን ነበረበት። በወረቀቱ ላይ የዕጩዎች ስም ዝርዝር አለ። መራጭዋ ብቻዋን ትገባና በቀይ እርሳስ የፈለገችው ዝርዝር ላይ መስመር ታሰምራለች። አለቀ። መጻፍ የማትችልም መስመር ማስመር አያቅታትም። እመቤቷ አጠገቧ ቆማ አታይባትም። ያች ሠራተኛ በሕይወቷ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳያያት የወሰነችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከ100 መራጭ 70 የሚሆነው ወጣ። ማርች በፊንላንድ ገና በረዶ ነው፣ ብዙዎቹ በበረዶ ላይ ሩቅ መንገድ መጥተው ነው። ውጤቱ ሲቆጠር ትልቁን ቦታ ያገኘው የሠራተኞች ፓርቲ፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ሆነ፣ ከ200 ወንበር 80። የተቀሩትን ወንበሮች ሌሎች ፓርቲዎች ተካፈሉት።

ከ19ኙ ሴቶች ዘጠኙ ከሠራተኞች ፓርቲ፣ አሥሩ ከሌሎቹ ነበሩ። መምህራን አሉበት፣ ልብስ ሰፊዎች አሉበት፣ የገበሬ ሚስት አለችበት። ሉሲና ሃግማን የምትባል የትምህርት ቤት ኃላፊ አለች። አሌክሳንድራ ግሪፐንበርግ የምትባል ባሮኒት አለች፣ በቤቷ የሰው እጅ የለመደች። ሚናም አለች፣ የሰው ቤት ያገለገለች። ቀጣሪና ተቀጣሪ መደብ በአንድ አዳራሽ እኩል ድምጽ ይዘው ተቀመጡ። አንድ ሰው አንድ ድምጽ ማለት ይሄ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ሕግ ያገባች ሴት በባሏ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ማለትም የአገር ሕግ ታወጣለች፣ በራሷ ንብረት ግን ባሏ ያዛል። ይህ የተነሳው በ1929 በወጣው የጋብቻ ሕግ ነው።

ከምርጫው በኋላ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ኑሯቸው ወዲያው ተለወጠ? አልተለወጠም።

ሚና ፓርላማ እንደገባች የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ አነሳች፣ ያ የ1865 ሕግ ይሻር አለች። ነገር ግን ፓርላማው ያወጣውን ሕግ የሚያጸድቀው የሩሲያው ንጉሥ ነው። ንጉሡ ካልወደደው ፓርላማውን ይበትናል። በትኖታልም። ከ1907 በኋላ በ1908፣ በ1909፣ በ1910፣ በ1911፣ በ1913፣ በ1916 እና በ1917 እንደገና ምርጫ ተደረገ። በአሥር ዓመት ስምንት ምርጫ! ሴቶቹ ቀይ መስመር አሠመሩ፣ ንጉሡ ሰረዘ፣ እንደገና አሠመሩ።

ኢልማሪ ኪያንቶ የሚባል ደራሲ በ1909 ስለዚያ ምርጫ «ቀዩ መስመር» የሚል ልብ ወለድ ጽፏል። ታሪኩ ጫካ ዳር ስለሚኖሩ ባልና ሚስት ድሆች ነው። ድምጽ ከሰጡ ረሃብ የሚጠፋላቸው ይመስላቸዋል። ሰጡም። ግን ዳቦው አልመጣም፣ ልጆቻቸው ሞቱባቸው። መጽሐፉ የተወደደው እውነቱን ስለተናገረ ይመስለኛል። ድምጽ እንጀራ አይደለም። ድምጽ ምጣድ ነው፣ ሊጡን የሚያቦካ ሰው ይፈልጋል።

ዲሴምበር 6 ቀን 1917 ፊንላንድ ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ የመሥራት ሕግ ወጣ። ሠራተኛ ሁሉ ጨፈረ። የቤት ሠራተኛ ግን በሕጉ ውስጥ አልነበረችም። «የሰው ቤት የግል ነው፣ ቤት ፋብሪካ አይደለም» የሚለው ሐሳብ ከልክሏታል። በዓመቱ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፣ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተላለቀ። የ1865ቱ የአገልጋዮች ሕግ የተሻረው በ1922 ነው። ከ1907 ቁጠሩ፣ አሥራ አምስት ዓመት።

ሚና አልተወችም። በ1926 መጨረሻ የማኅበራዊ ጉዳይ ሁለተኛ ሚኒስትር ሆነች። በፊንላንድ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ናት። በመሀል እየወጣች እየገባች እስከ 1947 ድረስ ፓርላማ ነበረች። ያለ ባል የወለዱ እናቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉባቸው ቤቶች እንዲከፈቱም ብዙ ደክማለች፣ ዛሬም አሉ። ያን ጉዳይ የያዘችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከአሠሪ ቤት አርግዛ የምትባረር ሠራተኛን ከእሷ በላይ ማን ያውቃታል?

የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚደነግግ ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው በ1949 ነው። ያኔ ሚና 83 ዓመቷ ነበር። ማኅበራቸው ከተመሠረተ 51 ዓመት፣ ከዚያ ምርጫ 42 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንድ የምወደው ነገር፣ ሕጉ ሲወጣ «አገልጋይ» የሚለው አሮጌ ስም ቀርቶ «የቤት ረዳት» የሚል ሆነ። እኛም «ገረድ» የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። ቃል ትንሽ ነገር ይመስላል፣ በቃሉ የተጠራች ግን ክብደቱን ታውቀዋለች።

ሚና በኤፕሪል 1952 አረፈች። ዛሬ በፊንላንድ ኦክቶበር 1 ቀን የእሷ ቀን ነው፣ በየቦታው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ለቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት አገር ሙሉ ባንዲራ ይሰቅላል፣ አስቡት።

ታዲያ እኛስ?

እኛ ከፊንላንዶቹ የምንለይበትን ነገር መደበቅ አልፈልግም። እነሱ ዜጋ ነበሩ። አድማ ሲመታ ቆመው ነበር፣ ድምጹ ሲመጣ ደረሳቸው። እኛ እዚህ እንግዳ ነን። ዓመት ሙሉ ብንሠራ፣ አሥር ዓመት ብንሠራ፣ በምንሠራበት አገር ምርጫ ወረቀት አይሰጠንም። እኔ ያለሁበት የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የወጣው በ1946 ነው፤ ሰባተኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ ያደርጋታል። ከፊንላንዱ የስምንት ሰዓት ሕግ ጋር አስተያዩት። ያው «ቤት የግል ነው» የሚለው ሐሳብ ነው።

ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ብናየው ከሚና ጋር እንገናኛለን። የ1907ቱን ምርጫ ሳይሆን 1898ን እንይ። በ1898 የሄልሲንኪ ሠራተኛ ድምጽ የላትም፣ ሕጉ በእሷ ላይ ነው፣ መልቀቂያዋ በአሠሪዋ እጅ ነው። እኛ ዛሬ ያለነው እዚያ ነው። የእነሱ ማኅበር ግን ድምጹ እስኪመጣ አልጠበቀም። ማኅበሩ ባይኖር ኖሮ ምርጫው ሲመጣ ሚናን ማን ያውቃት ነበር? ማን ዕጩ ያደርጋት ነበር? ስሟ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ቀይ መስመር የተሠመረበት በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ማደሪያ ስትሰጥ፣ ሥራ ስታገናኝ፣ ጋዜጣ ስታዘጋጅ ስለታወቀች ነው።

አንዳንድ እህቶች «ማኅበሩ ምን አደረገልኝ? መዋጮ ብቻ» ይላሉ። ንግግሩ ይገባኛል። ደሞዛችን ታውቋል፣ ቤተሰብ ይጠብቃል፣ አምስት ዶላርም ብር ነው። ግን የ51 ዓመቱን ሂሳብ ተመልከቱ። በ1898 መዋጮ ካዋጡት ውስጥ የ1949ኙን ሕግ በዓይናቸው ያላዩ ብዙ ይሆናሉ። ለራሳቸው ያገኙት ማደሪያውን፣ አንዷ ለአንዷ የምታወራውን፣ «ብቻሽን አይደለሽም» መባሉን ነው። ሕጉን ያገኙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።

ደግሞ ዓለም እንዳለች አልቆመችም። ጁን 16 ቀን 2011 ጄኔቫ ላይ የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን ስምምነት አጸደቀ፣ ቁጥሩ 189 ነው። የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ዕረፍትና የሥራ ሰዓት ይኑራት፣ ፓስፖርቷና ወረቀቷ በእጇ ይሁን ይላል። ፊንላንድ በ2015 ተቀብላዋለች። ያ ስምምነት ሲዘጋጅ ከየአገሩ የመጡ የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ስብሰባው ላይ ነበሩ። እዚያ የደረሱት በማኅበራቸው በኩል ነው።

ስለዚህ የማኅበራችንን መዝገብ እንዳልባሌ ነገር አንየው። ስም መመዝገብ፣ ኮንትራት ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ፣ ስንት ወር ደሞዝ እንደቀረ መጻፍ፣ የታመመችን መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ለነገው ማስረጃ ነው። እሑድ መውጣት የምትችል፣ መውጣት ለማትችለው ትንገራት። ይህችን መጽሔት ያነበበች ለሌላዋ ታቀብል፣ ፎቶ አንስታም ትላክላት። በስልክ ይሁን በመስኮት፣ በሩ ለተዘጋባት እህት ይድረሳት።